ማዳበሪያው ቀድሞ፣ ሕጉ ዘግይቶ፦ የጭላሎ ልማት ታሪክ

በ1950ዎቹ ማብቂያ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሁለተኛውን የአምስት ዓመት ዕቅድ ሲያጠናቅቅ፣ ለፋብሪካና ለሰፋፊ የንግድ እርሻዎች የተሰጠው ቅድሚያ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖርበትን የገበሬ እርሻ እንዳልለወጠው የታወቀ ነበር። ከ1961 ዓ.ም. የጀመረው ሦስተኛው ዕቅድ አዲስ መንገድ አቀረበ። የመላ አገሪቱን ገበሬ በአንድ ጊዜ መድረስ ስለማይቻል በተመረጡ አካባቢዎች ባለሙያ፣ ብድር፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በጥቅል ይቅረብ፤ ውጤቱ ሲታይ ወደ ሌላው ይስፋፋ የሚል ነበር። ለዚህ ሙከራ ፈር ቀዳጅ የሆነው በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ነው። አርሲ ድርጅቱን ዛሬም የሚያስታውሰው ካዱ በሚለው አጭር ስሙ ነው።

ጭላሎ ከጢቾና ከአርባ ጉጉ ጋር የአርሲ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ ነበረ። ስፋቱ ወደ 10 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ሕዝቡም ወደ 400 ሺህ ይገመት ነበር። ደጋውና ወይና ደጋው ለስንዴና ለገብስ የተመቸ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል መንገድ አለው። የእርሻ ባለሙያ ቦታ ሲመርጥ የሚፈልገው ሁሉ በጭላሎ ተሟልቶ ይገኝ ነበር። ከምርጫው መመዘኛ ጋር እኩል ያልተመዘነው የመሬቱ ይዞታ ነው።

የይዞታው ታሪክ ወደ 1870ዎቹ ይመለሳል። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር በራስ ዳርጌ መሪነት ለዓመታት ከዘለቀ ደም አፋሳሽ ውጊያ በኋላ አርሲን ሲይዝ፣ መሬቱ ለወታደሩ፣ ለመኳንንቱ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለአካባቢው ባላባቶች ተከፋፈለ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም ለአርበኛው፣ ለስደተኛው፣ ለጦር ሠራዊቱና ለመንግሥት ሠራተኛው መሬት በጋሻ ይሰጥ ነበር፤ አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው። ካዱ ሥራ ሲጀምር ከጭላሎ ገበሬዎች ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ጢሰኞች ነበሩ፤ ሲሶ ወይም እኩል እየከፈሉ የሰው መሬት ያርሱ ነበር። ብዙዎቹ ባለርስቶች በአካባቢው አይኖሩም። ውሉ በአብዛኛው የቃል ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለኪራይ ጣሪያ ቢያበጅም፣ ጣሪያው ከምርቱ ሦስት አራተኛ ድረስ የሚፈቅድ ነበር።

የካዱ አሠራር በጊዜው የተሻለ የሚባል ነበር። ከአሰላ በስተሰሜን በሚገኘው ቁሉምሳ የስንዴ ዝርያዎች ይመረመራሉ፤ የተሻሉት ይባዛሉ። በየአካባቢው በተከፈቱ የልማት ጣቢያዎች የእርሻ ባለሙያዎች ከገበሬዎች መካከል አርአያ የሚሆኑትን እየመረጡ በማሳቸው ላይ ያሳያሉ። ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይሰጣል፤ ዕዳው ከአዝመራ በኋላ ይከፈላል። ድርጅቱ እህል በመግዛት የነጋዴውን የዋጋ ጫና ለማለዘብ ይሞክራል። መንገድ፣ የመጠጥ ውኃ፣ የከብት ዝርያ ማሻሻልና ኅብረት ሥራም የፕሮግራሙ አካል ነበሩ። ገበሬው ለአዲስ ነገር ሩቅ ነው የሚለው የከተማ ወሬ በጭላሎ ፈራረሰ። በመጀመሪያው ዓመት ብድር የወሰዱት ከ200 ያነሱ ነበሩ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ቁጥራቸው ከ10 ሺህ በላይ ሆነ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያገኘ ማሳ የስንዴ ምርቱ በግልጽ ጨመረ።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ስኬት ነው። ጢሰኛው ብድር ለመውሰድ ከባለርስቱ ጋር የተፈራረመው የኪራይ ውል ይጠየቅ ነበር። ባለርስቱ ደግሞ ለጢሰኛው መብት ማስረጃ የሚሆን ወረቀት ላይ ለመፈረም ፈቃደኛ አልነበረም። ስለዚህ ፕሮግራሙ በቅድሚያ ሊረዳው ያሰበው ሰው በር ላይ ቀረ። ብድር ያገኘው ጢሰኛም ቢሆን ምርቱ ባደገ ቁጥር የባለርስቱ ድርሻ አብሮ ያድጋል፤ የማዳበሪያው ዕዳ ግን የሚቀረው በእሱ ላይ ነው። አንዳንዱ ባለርስት ሲሶውን ወደ እኩል አሳደገው።

ከዚህ የከፋው ግን ትራክተር ያመጣው ነበር። የካዱ ብድር ለትልልቅ ባለመሬቶች አይሰጥም፤ ቢሆንም መሬታቸው ከምርጥ ዘርና ከማዳበሪያ ጋር ምን ያህል ስንዴ እንደሚያወጣ በጎረቤታቸው ማሳ አዩ። መንግሥት የእርሻ መሣሪያ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ፈቅዷል፤ ለእርሻ ነዳጅም የቀረጥ እፎይታ ሰጥቷል። በዚህ ሁኔታ ከጢሰኛ ሲሶ ከመቀበል ይልቅ ጢሰኛውን አስነስቶ በትራክተር ማረስ፣ አለዚያም መሬቱን ከከተማ ለመጣ ኮንትራት አራሽ ማከራየት የሚያዋጣ ሆነ። በተለይ በሰሜናዊው የጭላሎ ሜዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ የጢሰኛ ቤተሰቦች ከኖሩበት ተፈናቀሉ። የግጦሽ መሬትም እየታረሰ ከብቱ መዋያ አጣ።

ይህን የጻፉት በኋላ ዘመን የመጡ ተቺዎች ብቻ አይደሉም። ድርጅቱ ሁኔታውን በየጊዜው ያጠና ነበር፤ በ1964 ዓ.ም. ገደማ ሄኖክ ክፍሌ የሜካናይዝድ እርሻ በገበሬው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ለካዱ ባዘጋጁት ጥናት በዝርዝር አቅርበዋል። ስዊድን ውስጥም እርዳታው የሚጠቅመው ባለርስቱን ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ የስዊድን መንግሥትም የጢሰኝነት ሕግ እንዲወጣ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው በአገር ውስጥም አዲስ አልነበረም፤ በአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ካዱ ከመጀመሩ በፊት፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው።

መንግሥትም የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴርን አቋቁሞ የጢሰኝነት ረቂቅ ሕግ አዘጋጀ። ረቂቁ መሬት ከባለርስት ወስዶ ለአራሽ የሚሰጥ አልነበረም። የጠየቀው ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ኪራይ እንዲወሰን፣ ጢሰኛም በዘፈቀደ እንዳይነሣ ብቻ ነው። ይህም ቢሆን ባለርስቶች በበዙበት ፓርላማ ለዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ አብዮቱ እስኪፈነዳ ድረስ አልጸደቀም። መንግሥቱ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲያወጣ በጎጃም የተነሣበት አመፅም ስለ መሬት ከሚደረግ ለውጥ ይበልጥ እንዲያፈገፍግ ሳያደርገው አልቀረም። በጎጃም የተነሡት የራሳቸውን ርስት የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ፤ በአርሲ ለውጡን የሚፈሩት ደግሞ ባለርስቶች ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ግን ሁለቱንም ያየው በአንድ ሥጋት ነው።

በዚህ መካከል የካዱ አሠራር ተስፋፋ። ለአንድ አውራጃ የሚወጣው ገንዘብና ባለሙያ በየቦታው ሊደገም ስለማይችል፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ሚኒመም ፓኬጅ የተባለው ቀለል ያለ ፕሮግራም ዘርና ማዳበሪያን በብድር ወደ ብዙ አውራጃዎች ወሰደ። የይዞታው ጥያቄ ግን እንደነበረ ቀረ።

አብዮቱን ተከትሎ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጢሰኝነትን በአንድ ቀን ሻረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ፓርላማው ለዓመታት ያዘገየው ነገር ከረቂቁ እጅግ ርቆ ሄደ። የአርሲ ጢሰኛ ከባለርስቱ እጅ ወጣ። ነገር ግን ከሰፋፊ የትራክተር እርሻዎች ብዙዎቹ ለተፈናቀሉት አልተመለሱም፤ የመንግሥት እርሻ ሆኑ። ካዱም የአርሲ ገጠር ልማት ድርጅት ተብሎ ሥራው ወደ መላው ክፍለ ሀገር ሰፋ። በ1970ዎቹ ገበሬው ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በዝቅተኛ ዋጋ ኮታ ማስገባት ግዴታ ሆነበት፤ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ በቅድሚያ ወደ መንግሥት እርሻና ወደ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሄደ። ይህ አሠራር እስከ 1982ቱ የፖሊሲ ለውጥ ዘለቀ። ባለርስት በሌለበትም አራሹ በምርቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን አላገኘም።

ስለ ድህነት ሲጻፍ ጥፋቱን በገበሬው አለማወቅ፣ በቴክኖሎጂ እጥረት ወይም በገንዘብ ማነስ ማሳበብ የተለመደ ነው። የጭላሎ መዝገብ ለዚህ አይመችም። ገበሬው በአራት ዓመት ውስጥ አዲሱን ዘር ተቀብሏል፤ ሳይንሱ ሠርቷል፤ ገንዘቡ መጥቷል፤ የሚፈናቀለው ማን እንደሆነም በጥናት ተጽፎ ለባለሥልጣናት ደርሷል። የጎደለው የሚያውቁትን ለመፈጸም ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች ፈቃድ ነው፤ ምክንያቱም ሕጉ የሚነካው የራሳቸውን ጥቅም ነበር።

ቁሉምሳ ዛሬም የስንዴ ምርምር ማዕከል ነው፤ አርሲም ከአገሪቱ ዋነኛ የስንዴ አብቃዮች አንዷ ናት። ስለዚህ የካዱ ሥራ ከንቱ ነበር አልልም። የምለው የእርሻ ዕቅድ የምርት ግቡን ከማስላቱ በፊት ጭማሪው በማን እጅ እንደሚገባ፣ በእሱም ሰበብ ማን ከመሬቱ ሊነሣ እንደሚችል በሕግ መወሰን አለበት ነው። በጭላሎ ይህ ቅደም ተከተል ተገልብጦ ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉትም ልማቱ ይድረሳቸው የተባሉት ጢሰኞች ናቸው።