ከእርሳስ ያልተለየው ራዲየም

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ዓ.ም. ራዘርፎርድ በማንቸስተር ለሃንጋሪያዊው ወጣት ኬሚስት ለጆርጅ ሄቬሺ ከባድ ሥራ ሰጠው፤ ይኸውም ራዲየም ዲ የተባለውን ጨረር አመንጪ ከእርሳስ ብረት መለየት ነበር። ሄቬሺ ሁለት ዓመት ገደማ ቢደክምም አልሆነለትም። ራዲየም ዲ ራሱ የእርሳስ አይሶቶፕ ነበርና፤ ቃሉ እንኳ ያን ጊዜ ገና አልወጣም።

የሰውየው ብልሃት የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቱ የማይለያዩ ከሆነ፣ ጥቂቱን ከተራው እርሳስ ጋር ቢቀላቅሉት፣ እርሳሱ የሄደበትን ሁሉ ጨረሩ ያመለክታል። በ1923 የባቄላ ቡቃያ ጨረር አመንጪ እርሳስ በሟሟበት ውኃ ውስጥ አቁሞ፣ ከሥሩ ወደ ቅጠሉ የወጣውን ለካ። እርሳስ ግን መርዝ ነው፤ በሕያው አካል ላይ ብዙ አያስኬድም። በ1935 ሰው ሠራሹን ፎስፎረስ 32 ለአይጦች መገበ፤ ደርቆ የቆመ ይመስል የነበረው አጥንት ዘወትር እየፈረሰ የሚታደስ መሆኑም ተገለጠ።