ሳይጮህ የሚያልቅ ዕቃ፦ የሃርሊ ሞተር እና "መቼ ይቀየር?" የሚለው ጥያቄ

የሞተርሳይክል ዕቃ ሊያልቅ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል። ፍሬን ይፏጫል፣ ኩሽኔታ ያንጎራጉራል፣ የላላ ካቴና ይንቋቋል። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 በተመረቱት አብዛኞቹ ትልልቅ የሃርሊ ዴቪድሰን ሞተርሳይክሎች ውስጥ ግን ትንፍሽ ሳይል የሚያልቅ አንድ ዕቃ ነበር። ከጣት ብዙም የማይበልጥ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው። እሱ ሲያልቅ ሙሉ ሞተር ይዞ ሊሄድ ይችላል። መቼ መቀየር እንዳለበት የመወሰኑ ዕዳ ደግሞ ከፋብሪካው ወርዶ ባለንብረቱ ጫንቃ ላይ ዐረፈ።

ነገሩ የሚጀምረው ከድምፅ ነው። ከ1936 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ በሚልዋኪው ፋብሪካ አብዛኞቹ ትልልቅ ሞተሮች ውስጥ ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ካምሻፍት አንድ ነበር፤ የሚዞረውም በጥርስ ነው። ጥርስ አይለጠጥም፣ መወጠሪያም አይፈልግም። ችግሩ ልኩ በፀጉር ያህል ከሳተ ማፏጨቱ ወይም መንኳኳቱ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ጥርሶቹን በየመጠናቸው ለይቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ አንዱን ከአቻው ጋር ማጣመር ነበረበት። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይበላል። በዚህ ላይ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለሞተርሳይክል ድምፅ ጣሪያ አበጀለት፤ ከ1986 ሞዴል ጀምሮ ጣሪያው ለመንገድ ሞተር 80 ዴሲቤል ሆነ። የሃርሊ ደንበኛ ገንዘቡን የሚያወጣው የጭስ ማውጫውን ጉርምርምታ ሊሰማ ነው። ከሞተሩ ሆድ የሚወጣ ሌላ ጫጫታ ሁሉ ከዚያች 80 ላይ ይቀነሳል ማለት ነው።

በ1999 ሞዴል የመጣው "ትዊን ካም 88" ሁለት ካምሻፍት ነበረው፤ ሁለቱን የሚያዞሩትም ካቴናዎች ናቸው። የኋላ ጎማ የሚጎትተውን ካቴና አይደለም፤ በሞተሩ ጎን ባለው ሽፋን ስር ተደብቀው በዘይት ውስጥ የሚዞሩ ሁለት አጫጭር ካቴናዎችን ነው። አንዱ ከክራንክሻፍት ተነስቶ የኋለኛውን ካም ያዞራል፣ ሌላው ደግሞ ከኋለኛው ተቀብሎ ለፊተኛው ያስተላልፋል። እንዳይላሉ በእያንዳንዳቸው ላይ በጠንካራ ሞላ የሚገፋ የፕላስቲክ ንጣፍ ተጭኗል።

ሞላው አያርፍም። ንጣፉ በሳሳ ቁጥር እየተከተለ ይገፋዋል፤ ካቴናው ስለማይላላ ድምፅ የለም። ነጂው ሁሉም ነገር ሰላም ይመስለዋል። የተፋቀው ፕላስቲክ ግን ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዘይቱ ጋርም ወደ ፓምፑ ይሄዳል። ማጣሪያ እያለ ምን ችግር አለ የሚል አይጠፋም። ችግሩ ዘይቱ ከዚያ ክፍል ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው ፓምፑን እንጂ ማጣሪያውን አለመሆኑ ነው። ንጣፉ ጨርሶ ሲያልቅ ካቴናው ብረት መፋቅ ይጀምራል። ያኔ ፓምፑ ይቧጨራል፣ የዘይት ግፊት ይወርዳል፣ ቀሪውን መገመት አይከብድም።

ታዲያ በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር? ሰውን ያወዛገበው ይህ ነው። አንዱ ገና 40,000 ሳይሞላ ንጣፉ ተሰነጣጥቆ ያገኘዋል። ሌላው 80,000 አልፎ ሲከፍተው ገና ብዙ የቀረው ሆኖ ይደነቃል። የሞላው ግፊት፣ የካቴናው ጠርዝ ሸካራነት፣ የዘይቱ ሁኔታ፣ የነጂው ጠባይ ተደማምረው አንድ ቁጥር የማይገዛው ነገር ፈጠሩ።

በዚያው ሞተር ላይ ሌላ ክርክር ነበር፤ ከዚህኛው ጋር መምታታት የለበትም። በ1999 እና በ2000 መጀመሪያ ሞዴሎች ላይ የኋለኛው ካም ኩሽኔታ በአንዳንዶቹ መሰበር ጀመረ። ኩባንያው በጥር 2001 ለባለቤቶች ደብዳቤ ጽፎ የዚያን ዕቃ ዋስትና ወደ 5 ዓመት ወይም 50,000 ማይል አራዘመ። ነጋዴዎቹም 495 ዶላር የሚያወጣ የጥገና ስብስብ እንዲያገኙ አደረገ። ኩሽኔታቸው ገና ያልተሰበረ ባለቤቶች ግን "ይህን ብናውቅ በዚህ ዋጋ አንገዛም ነበር" ብለው ከሰሱ። በ2004 የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ዕቃው ገና ካልተበላሸ ጉዳት ደርሷል አይባልም፣ መፍትሔውም በዋስትናና በውል ሕግ የሚፈለግ ነው አለ። በሕግ አንፃር የሚያስኬድ ሊሆን ይችላል። ለባለንብረቱ ያስተላለፈው መልእክት ግን ከባድ ነው፦ ሳይበላሽ በፊት ያለው ስጋት የራስህ ነው። ስለ መወጠሪያው ንጣፍ የሚጨነቅ ሰውም የቆመው እዚያው ስፍራ ላይ ነው።

ሁሉም ፋብሪካ እንዲህ አላደረገም። ሆንዳ በ1978 "ሲኤክስ 500" የሚባለውን ሲያወጣ በመጀመሪያዎቹ ላይ የካም ካቴናው መወጠሪያ ችግር ነበረበት። ካቴናው ከሞተሩ ኋላ በኩል ስለሆነ እሱን ለመድረስ ሞተሩን ከነአካቴው ማውረድ ግድ ይላል። ሆንዳ ሞተሮቹን ጠርቶ አስተካከለ፤ የተስተካከለው ላይም ከሞተር ቁጥሩ አጠገብ ሦስት ነጥብ ተመታ። ያ ሞተርሳይክል በኋላ የለንደን መልእክተኞች የቀን ተቀን አህያ ሆነ። አሮጌ የሚገዛ ሰው ጎንበስ ብሎ ሦስቱን ነጥቦች ይፈልግ ነበር። ውሳኔው ብረቱ ላይ ተጽፎለታል።

የሚገርመው ራሱ ሆንዳም መንገዱን ሲቀያይር መኖሩ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቪኤፍ ሞተሮቹ ካም መበላት ስሙ ሲጎድፍ በ1986 ቪኤፍአር 750ን በጥርስ በሚዞሩ ካሞች አወጣ። ነጂዎች የጥርሱን ፉጨት እንደ ሙዚቃ ወደዱት። በ2002 ግን ቪኤፍአር ወደ ካቴና ተመለሰ፣ የመወጠሪያ መንኳኳትም አብሮ መጣ። ቢያንስ ያኛው ይንኳኳል፤ ያሳውቃል።

ሃርሊ በ2006 በዳይና ሞዴሎቹ፣ በ2007 ደግሞ በቀሪዎቹ ትልልቅ ሞተሮች ላይ ሞላውን ትቶ በዘይት ግፊት የሚሠራ መወጠሪያና ሌላ ዓይነት ካቴና አስገባ። አዲሱ ንጣፉን እንደ ሞላው አያፍነውም። ለቀደሙት ሞተሮችም ወደዚሁ የሚቀይር ስብስብ ተሸጠ፤ በባለንብረቱ ወጪ ነው ታዲያ። ጥርስን የሚመርጡም አሉ፤ እዚያው ዊስኮንሲን ያለው "ኤስ ኤንድ ኤስ" የጥርስ ስብስብ ይሠራል። ነገር ግን ጥርስ የተጣመመ ክራንክሻፍት አይችልም። መዛነፉ ከ0.003 ኢንች ማለፍ የለበትም፤ ከ2003 ወዲህ የተሠሩት ክራንኮች ደግሞ ይህን ልክ ሁልጊዜ አያሟሉም።

ስለዚህ በኪሎ ሜትር ብቻ የሚወስን ሰው ወይ ያለጊዜው ይከፍላል፣ ወይ ይዘገያል። ልምድ ያላቸው መካኒኮች የሚሉት ቀላል ነው፦ 30,000 አካባቢ ሲደርስ ሽፋኑን ከፍቶ ማየት። የውጨኛው ንጣፍ ወዲያው ይታያል፤ የውስጠኛው ግን በትንሽ መስታወት ወይም ካሜራ መጮለቅ፣ ካልሆነም ካሞቹን የያዘውን ሳህን ማውረድ ይጠይቃል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የውጨኛውን አይተው "ደህና ነው" ብለው ይዘጋሉ። ስንጥቅ፣ ጉርብጥብጥ ወይም ጥልቅ ቦይ ከታየ የቀረውን ውፍረት መለካት አያስፈልግም፤ ይቀየራል። ንጹሕ ከሆነ ሽፋኑ ይመለሳል፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩ ይጻፋል።

እነዚያ ሞተርሳይክሎች ዛሬም ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣሉ። ገዢው ቀለሙንና ጎማውን አይቶ ሲጨርስ ሻጩን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ "የካሙ ሽፋን መጨረሻ የተከፈተው መቼ ነው?" መልሱ ደረሰኝ ከሌለው ብዙ ሰው የመወጠሪያውን ዋጋ ከሞተሩ ዋጋ ላይ ይቀንሳል።