የበርገሩን ቀሪ ሂሳብ ማን ይከፍላል?

በኦገስት 2012 የአሜሪካ ኮንግረስ ስለ አንድ በርገር ተከራከረ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በርገሩ የሚሸጠው አገር አቋራጭ መንገደኞችን በሚያጓጉዘው አምትራክ ባቡር ላይ ነው። ተሳፋሪው 9.50 ዶላር ይከፍልበት ነበር። በወቅቱ የተወካዮች ምክር ቤቱ የትራንስፖርት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ጆን ማይካ እንዳሉት ግን አምትራክን ያስወጣው የነበረው 16.15 ዶላር ነው። በአስር ዓመት ውስጥ በምግብና በመጠጥ ብቻ 833 ሚሊዮን ዶላር ከስሯል ተባለ። አምትራክ በመንግሥት ድጎማ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ጉድለቱን የሚሞላው ግብር ከፋዩ ነው።

በአንድ በርገር 6 ዶላር ከ65 ሳንቲም ማለት ነው። ስጋው ወርቅ አይደለም፣ ታዲያ ገንዘቡ የት ይገባል?

መልሱ ያለው ባቡሩ ላይ ነው። ከቺካጎ ተነስቶ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ የሚደርሰውን ካሊፎርኒያ ዜፈር እንውሰድ። ወደ 3,900 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ ከሁለት ቀን በላይ ይፈጃል። የምግብ ፉርጎው ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ኩሽናው ታች፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ሳህኑ በትንሽ ሊፍት ይወጣል። ከተማ ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ገበያ ሲቀዘቅዝ ሠራተኛውን በጊዜ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ባቡሩ ግን አብሳዩን ኔቫዳ በረሃ ላይ አያወርደውም። ሽንኩርት ቢያልቅ የሚገዛበት ሱቅ የለም፣ ስለዚህ ትርፍ ይጫናል፣ የተረፈው መጨረሻ ላይ ይጣላል። ፉርጎው ደግሞ እንደ ሌሎቹ ይጎተታል፣ የሚሸጥ ወንበር ግን የለውም።

አንድ ነገር እንጨምር። የመኝታ ክፍል የቆረጠ ተሳፋሪ የምግቡን ዋጋ ከትኬቱ ጋር ነው የሚከፍለው። ከዚያ ትኬት ውስጥ ስንቱ “የምግብ ገቢ” ተብሎ ይመዝገብ የሚለውን የሚወስነው ድርጅቱ ራሱ ነው። ድርሻውን ከፍ ካደረጉት ኪሳራው ይቀንሳል፣ ዝቅ ካደረጉት ይጨምራል። ምግቡ ያው ነው፣ ተሳፋሪውም ያው ነው። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ስለሆንኩ እንዲህ ዓይነት ሂሳብ ብዙም አይገርመኝም። የአንድ አፕ መግቢያ ገጽ ለብቻው ሲታይ ሳንቲም አያስገባም፣ ሰርቨር ግን ይበላል። ሆኖም “ከስሯል፣ እንዝጋው” የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ወደ ኋላ ስንሄድ ባቡር ላይ የሚበላ ምግብ ለብቻው ያተረፈበትን ዘመን ማግኘት ይከብዳል። በየዘመኑ የተለወጠው ቀሪ ሂሳቡን የሚከፍለው ሰው ነው።

መጀመሪያ ላይ የከፈለው የተሳፋሪው ሆድ ነበር። ባቡሩ ጣቢያ ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል ይቆማል፣ ሰው እየተጋፋ ይወርዳል፣ የቆየ ሥጋና የመረረ ቡና ይቀርብለታል፣ ጎርሶ ሳይጨርስ ፊሽካ ይነፋል። ይህን ካዩት አንዱ ከእንግሊዝ የመጣው ፍሬድ ሃርቪ ነው። በ1876 ቶፒካ፣ ካንሳስ ላይ ከሳንታ ፌ የባቡር ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ንጹሕ ምግብ ቤት ከፈተ። የተሳፋሪው ትእዛዝ በቴሌግራም ቀድሞ ስለሚደርስ፣ ባቡሩ ሲቆም ምግቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሃርቪ ሀብታም ሆነ። ነገር ግን ቤቱን የሚሰጠው፣ ዕቃውንም በነጻ የሚያመላልስለት የባቡር ኩባንያው ነበር። ወጪው አልጠፋም፣ ሌላ መዝገብ ላይ ሰፈረ እንጂ።

የእኛም የጅቡቲ ባቡር ከዚህ የሚመሳሰል ታሪክ አለው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድር ነበር። በዚህ የተነሳ አዋሽ ጣቢያ ሆቴልና ምግብ ቤት አገኘች፣ ቡፌ ዳዋሽ። አዲስ አበባም ከፈረንሳይኛው “ላ ጋር” ለገሃር የሚል ሰፈር ተረፋት፣ ጣቢያውም የራሱ ቡፌ ነበረው። ኩሽናው ከሐዲዱ ዳር እንጂ ከባቡሩ ጋር አይጓዝም ነበር።

አሜሪካ ውስጥ ግን ኩሽናው ተሳፈረ። ጆርጅ ፑልማን በ1868 ዴልሞኒኮ የተባለውን የምግብ ፉርጎ ሠራ፣ ስሙንም ከታዋቂ የኒው ዮርክ ምግብ ቤት ወሰደለት። ከዚያ በኋላ ተፎካካሪ ኩባንያዎች አንዱ ከሌላው የሚለይበት ነገር ሳህኑ ላይ ያለው ሆነ። ከሁሉ የምወደው የኖርዘርን ፓሲፊክን ድንች ነው። በ1909 አካባቢ የኩባንያው የምግብ ኃላፊ ሄዘን ታይተስ፣ ገበሬዎች ለአሳማ የሚሰጡት ግዙፍ ድንች እንዳለ ሰማ። አንዱ ድንች 1 ኪሎ ግራም ሊጠጋ ይችላል፣ ገዢ ግን የለውም። ታይተስ ገዛው፣ በደንብ አስጋገረው፣ በቅቤ አቀረበው። ኩባንያው ራሱን “የትልቁ ጥብስ ድንች መስመር” እያለ ማስተዋወቅ ጀመረ። ምግቡ ቢያከስርም ትኬት ያሸጣል፣ ልዩነቱም የማስታወቂያ ወጪ ነበር።

የዚያን ዘመን ድምቀት ስናወራ ግን ከጠረጴዛው ጎን የቆሙትን መዝለል አይቻልም። የምግብ ፉርጎዎቹ አስተናጋጆች በአብዛኛው ጥቁሮች ነበሩ። ደሞዛቸው ትንሽ ነው፣ ኑሯቸው በጉርሻ ነው። የርካሹ ምግብ ልዩነት በከፊል ከነሱ ኪስ ወጥቷል። ማልኮም ኤክስ እንኳ በወጣትነቱ በኒው ሄቨን የባቡር ኩባንያ ዕቃ አጥቧል፣ ሳንድዊችም ሸጧል።

ያገለገሉበት ጠረጴዛ ደግሞ ለነሱ ዓይነቱ ሰው ክፍት አልነበረም። በሜይ 1942 ኤልመር ሄንደርሰን የተባለ ጥቁር የመንግሥት ሠራተኛ በሳውዘርን ባቡር ከዋሽንግተን ወደ በርሚንግሃም፣ አላባማ ይጓዝ ነበር። እራት ሲጠራ ወደ ምግብ ፉርጎው ሄደ። ከኩሽናው አጠገብ ለጥቁሮች በሚለዩት ጠረጴዛዎች ላይ ነጮች ተቀምጠውባቸው ነበር። ባዶ ወንበር ቢኖርም አላስቀመጡትም፣ “ቦታ ሲገኝ እንጠራሃለን” ተባለ። ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ማንም አልጠራውም፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ፉርጎው ተፈትቶ ቀረ። ሄንደርሰን ከሰሰ። ክሱ እየተጓተተ ሳለ ኩባንያው ደንቡን ለወጠ፤ ለነጮች 10 ጠረጴዛ፣ ለጥቁሮች 1፣ በመካከል መጋረጃ። በ1950 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ሕግ መጣስ ነው አለ። የከፈለውን ትኬት ይዞ ጾሙን ያደረ ሰው፣ ባቡር ላይ ምግብ ከጉዞው ተነጥሎ እንደማይታይ ለአንድ አገር አስረዳ።

ከዚያ መኪናውና አውሮፕላኑ ተሳፋሪውን ወሰዱት። የግል ኩባንያዎቹ መሸከም ሲያቅታቸው በ1971 አምትራክ ተረከበ። ማስታወቂያ ነው ብሎ ልዩነቱን የሚውጥ አልነበረም። በ1981 ኮንግረስ የባቡር ምግብ ወጪውን ራሱ ይሸፍን ብሎ ደነገገ። አልሸፈነም። በ2015 እንደገና፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ኪሳራው ዜሮ ይግባ የሚል ሕግ ወጣ።

ውጤቱን ተሳፋሪው በሳህኑ አየው። በ2018 በሁለት የምሥራቅ መስመሮች ትኩስ ምግብ ቀርቶ በሳጥን የታሸገ ቀዝቃዛ ምግብ መጣ። በ2019 ሌሎች አንዳንድ የምሥራቅ የሌሊት ባቡሮችም ተዘጋጅቶ የሚመጣ፣ ፉርጎው ላይ የሚሞቅ ምግብ ማቅረብ ጀመሩ። ለመኝታ ክፍል በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር የከፈለ ሰው ሳጥን ተሰጠው። ቀሪ ሂሳቡ ዞሮ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ከፋይ፣ ወደ ተሳፋሪው ሆድ ተመለሰ። በ2021 ክረምት በምዕራብ መስመሮች፣ መጀመሪያ ለመኝታ ፉርጎ ተሳፋሪዎች፣ አብሳዩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግም የ2015ቱን ግዴታ ሰረዘ።

የማይካ ቁጥር ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ ሲባክን መጠየቅ ተገቢ ነው፣ አምትራክም በአሠራሩ ሊያስተካክለው የሚገባ ነገር ነበረው። የ16 ዶላሩ በርገር የማይነግረን ግን አለ። ምግብ የሌለው የሁለት ቀን ባቡር ስንት ትኬት ይሸጣል? ያ ቁጥር ከጎኑ ካልተቀመጠ፣ ትርፍና ኪሳራ የሚባለው ግማሽ ሂሳብ ነው።

እኛም ከ2018 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤሌክትሪክ ባቡር አለን። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ በመንገድ ላይ ይራባል። አንድ ቀን እዚህም የባቡር ምግብ አከሰረ ብሎ ሠንጠረዥ የሚዘረጋ ሰው ይመጣል። ያኔ ቀሪውን እስካሁን ማን ሲከፍል እንደቆየ፣ ምግቡ ቢቀር ደግሞ ማን እንደሚከፍል አብረን እንጠይቀው።