ፎርክሎዠር፦ «ባንክ ወሰደው» ብቻ አይደለም

አሜሪካ ያለ ዘመድ በስልክ «የእገሌ ቤት ፎርክሎዝ ሆነ» ሲል፣ አዲስ አበባ ያለው ሰሚ «ባንክ ወሰደው በለኛ!» ይላል። አልተሳሳተም፤ ግን ይህ የነገሩ ግማሽ ብቻ ነው።

ፎርክሎዠር ቤቱን የብድር መያዣ ያደረገ ሰው መክፈል ሲያቅተው፣ አበዳሪው ቤቱን አሽጦ ገንዘቡን የሚያስመልስበት ሕጋዊ መንገድ ነው። በአማርኛ «የመያዣ ሐራጅ» ብንለው እመርጣለሁ። ቃላቱ እንግዳ አይደሉም፤ የጋዜጦቻችን የማስታወቂያ ገጾች ያውቋቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት የእኛ ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ ይሸጣል። ቨርጂኒያም ውስጥ ያለ ችሎት መሸጥ ይቻላል፤ ኦሃዮ ግን ዳኛ ፊት መቆም ግድ ነው። (ሞርጌጅን፣ ማለትም ቤት የተያዘበትን ብድር፣ «ወለድ አገድ» የሚሉ አሉ። ወለድ አገድ ግን አበዳሪው በወለድ ፈንታ በቤቱ ወይም በመሬቱ የሚገለገልበት ውል ስለሆነ፣ እዚህ ባናስገባው ይሻላል።)

የእንግሊዝኛው ቃል ስለ ሽያጭ አያወራም፤ ሥሩ በር ዘግቶ ውጭ ማስቀረት ነው። በድሮው የእንግሊዝ ሕግ ተበዳሪው ቀጠሮው ካለፈ በኋላም ዕዳውን ከፍሎ ርስቱን መዋጀት ይችል ነበር። ያቺን በር ለመጨረሻ ጊዜ የሚዘጋው ውሳኔ ነው ፎርክሎዠር የተባለው። «ሐራጅ» ስንል ዓይናችን ጨረታው ቀን ላይ ያርፋል። ለሠፈሩ ግን ከባዱ ነገር በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለው ጊዜ ነው።

የኦሃዮዋን ከተማ ክሊቭላንድን እንይ። እዚያ ያለው ስላቪክ ቪሌጅ የቼክና የፖላንድ ስደተኞች ያቀኑት የሠራተኛ ሠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የሠፈሩ የፖስታ ቁጥር 44105 በፎርክሎዠር ብዛት ከአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ብዙዎቹ ብድሮች መጀመሪያ ቀላል መስለው ኋላ ወለዳቸው የሚንር ዓይነት ነበሩ።

ባለቤቱ ይወጣል፤ ገዢ አይመጣም፤ ቤቱ በባንኩ ስም ባዶውን ይቀራል። በረዶ የሚጠርግ፣ ሣር የሚያጭድ የለም። ሌባ የመዳብ ቧንቧውን ነቅሎ ይሸጣል፤ ውኃው ምድር ቤቱን ይሞላል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ወር ሳያዛንፍ የከፈለ ጎረቤት አለ። ቤቱን ልሽጥ ቢል ገማቹ ዋጋ የሚተምነው በአካባቢው የተሸጡትን አይቶ ነው፤ ከእነሱ አንዱ ደግሞ በኋላ በርካሽ የተሸጠው ያ የተዘረፈ ቤት ነው። ካምፕቤል፣ ጂሊዮና ፓታክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት የማሳቹሴትስ ጥናት፣ በፎርክሎዠር የተሸጠ ቤት በአማካይ 27 በመቶ ረክሶ ተገኘ፤ በ80 ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ ጎረቤት ቤትም 1 በመቶ ያህል ይወርዳል። አንድ በመቶ ትንሽ ትመስላለች፤ በአንድ መንገድ ላይ አሥር ባዶ ቤት ሲኖር ግን ሌላ ነው። ዋጋው ከዕዳው በታች ሲወርድ ያ ታማኝ ከፋይም መሸጥ ይቸግረዋል፤ ሥራ ካጣ ደግሞ ቀጣዩ ማስታወቂያ የሚለጠፈው በእሱ በር ላይ ነው። ከተማውም የቤት ግብሩን ያጣል፤ ትምህርት ቤቶች ደግሞ በከፊል የሚተዳደሩት በዚሁ ግብር ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2008 ክሊቭላንድ 21 ባንኮችንና የገንዘብ ተቋማትን «በሠፈሩ ላይ ሁከት ፈጠራችሁ» ብላ ከሰሰች። በቀጣዩ ዓመት ክሱ ውድቅ ሆነ። በዚያው 2009 የተቋቋመው የካውንቲው (የአውራጃው) የመሬት ባንክ ባዶ ቤቶችን እየተረከበ ብዙዎቹን አፈረሰ። ቤት የነበረበት ባዶ ቦታ አንዳንዴ በትንሽ ገንዘብ ለጎን ጎረቤት ይሰጣል፤ አሁን ሣሩን የሚያጭደው እሱ ነው።