ስም የተጻፈበት ሣጥን፦ የስዊድን የገጠር ቤት ዕቃ ከኑሮ ወደ ጌጥ ያደረገው ጉዞ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን ከቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ የተወሰደ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ለታሪክ ጥናት የማይመጥን ተራ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት ወይም ስለ ውል ስምምነት አልናገርም፤ የምናገረው ስለ ሣጥን፣ ስለ ወንበርና ስለ ቁም ሰዓት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ሳሎናቸውን ባረጀ የገጠር ዕቃ የሚያስጌጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ቀለሙ የገረጣና ጠርዙ የተበላ ሣጥን ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ይልቅ በውድ ይሸጣል። ገበሬው የተወውን ዕቃ ከተሜው ለምን አነሣው? ባነሣው ጊዜስ ከዕቃው ጋር አብሮ የመጣው ምንድን ነው? የቀረውስ?

ጥያቄውን በመላው አውሮፓ ከማዳረስ በአንድ አገር፣ በስዊድን፣ ልወስነው እወዳለሁ፤ በዚያ አገር የዕቃው ጉዞ ከገበሬ ጎጆ እስከ ሙዚየም፣ ከሙዚየም እስከ ሳሎን በግልጽ ይታያልና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምከራከርበት ነጥብም አንድ ነው፦ የገጠር ዕቃ ጌጥ የሆነው የቀድሞው የገጠር ኑሮ በሚፈርስበት ዘመን ነው፤ ቦታውን በለወጠ ቁጥርም ቅርጹ እየተጠበቀ የባለቤቱ ታሪክ እየተላጠ ሄዷል።

ከሣጥኑ ልጀምር። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በስዊድን ገጠር አንዲት ልጃገረድ ከሚኖሯት ንብረቶች ሁሉ ዋነኛው የሙሽርነት ሣጥኗ ነበር። ፈትላና ሸምና ያዘጋጀችውን የተልባ እግር ጨርቅ በዚያ ታኖራለች። በሣጥኑ ፊት ላይ የስሟ መነሻ ፊደላትና ዓመተ ምሕረቱ በቀለም ይጻፋሉ። ከፊደላቱ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ «የእገሌ ልጅ» የሚለውን የሚወክል ነው፤ በዚያን ዘመን ስዊድናዊው ገበሬ እንደ እኛው በአባቱ ስም ይጠራ ነበርና። ስለዚህ ሣጥኑ ከዕቃነቱ በተጨማሪ ሰነድ ነው። በአጥቢያው መዝገብ ላይ በአንድ መስመር የምታልፍ ሴት በገዛ ንብረቷ ላይ ስሟን አስጽፋ እናገኛታለን።

ሣጥኑን የሠራው አናጢ አብዛኛውን ጊዜ የተጠቀመው በአካባቢው የሚገኘውን ለስላሳና ርካሽ የጥድ እንጨት ነው። እንጨቱ ቁጥቋጥ የበዛበት፣ ሙጫም የሚያወጣ በመሆኑ ባዶውን እንዲታይ ታስቦ አልተሠራም። በተልባ ዘይት በተለወሰ ቀለም፣ በሰማያዊ፣ በቀይ ወይም በአረንጓዴ ይቀባል። በዳላርና አውራጃ ደግሞ «ኩርቢትስ» የሚባል፣ ቅጠሉና አበባው ከልክ በላይ የሚንሰራፋ ሥዕል በሣጥን፣ በቁም ሣጥንና በግድግዳ ላይ ይሣል ነበር። የቃሉ ትርጉም ቅል ማለት ነው፤ በትንቢተ ዮናስ ነቢዩን በጥላው ያስጠለለችው ያቺው ቅል። በአንዲት ሌሊት በቅላ በሌላዪቱ ሌሊት የጠፋችው ተክል የገበሬ ቤት ጌጥ ሆና ከመቶ ዓመታት በላይ መቆየቷ ልብ ይሏል።

ይህ ውበት ግን ከችግር የተወለደ ነው። በዳላርና መሬት ለልጆች ሁሉ እየተከፋፈለ ይወረስ ስለነበር በየትውልዱ ማሳው እየተቆራረጠ ሄደ። በእርሻ ብቻ መኖር ያልቻሉ ሰዎች የእጅ ሙያ ያዙ። ከሬትቪክና ከሌክሳንድ አጥቢያዎች የወጡ ሠዓልያን ብሩሻቸውን ይዘው ሥራ ፍለጋ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ይሄዱ ነበር። በሙራ አጥቢያ የሚኖሩ ቤተሰቦች የሰዓት ክፍሎችን በየቤታቸው እየሠሩ አንድ ላይ ያገጣጥሙ ነበር፤ ዛሬ በውድ ዋጋ የሚፈለገው የሙራ ቁም ሰዓት የዚህ የችግር ዘመን ልጅ ነው። በአንጻሩ በሄልሲንግላንድ አውራጃ በተልባ እግር ልማትና በደን የበለጸጉ ገበሬዎች ለድግስ ብቻ የሚከፈቱ ክፍሎችን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ከእነዚህ ቤቶች ሰባቱ በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከሠዓልያኑ ብዙዎቹ የመጡት ከዳላርና ነው። እንግዲህ «የገጠር ዕቃ» ስንል አንድ ዓይነት ገጠር አልነበረም፤ አሠሪ ገበሬ ነበረ፣ ተቀጣሪ ገበሬም ነበረ።

ገጠሩ ከቤተ መንግሥትም የተነጠለ አልነበረም። ከ1771 እስከ 1792 የነገሠው ጉስታቭ ሣልሳዊ የፈረንሳይን ቤተ መንግሥት ጥበብ እጅግ ይወድ ነበር፤ ቀጥ ያለ እግርና ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው የዘመኑ ወንበርም በስሙ ይጠራል። የገጠር አናጢዎች ይህን ቅርጽ አይተው በጥድ እንጨት ቀዱት። ስለሆነም «ያልተበረዘ ባህል» ተብሎ የሚሸጠው ወንበር አንዳንድ ጊዜ የፓሪስ የልጅ ልጅ ነው።

ከዚህ በኋላ መፍረሱ መጣ። በ1827 የወጣው የመሬት ማስተካከያ ሕግ የተበታተኑ ማሳዎችን አንድ ላይ ለማሰባሰብ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ተጠጋግተው የተሠሩ መንደሮችን በብዙ ቦታ በተነ። ከ1867 እስከ 1869 የሰብል መጥፋትና ረኀብ ሆነ። ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስከ 1930 ባለው ጊዜ 1.3 ሚሊዮን ያህል ስዊድናውያን ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ብዙዎቹ ከቤት ዕቃቸው ይዘው የሄዱት ሣጥናቸውን ነበር፤ በላዩም ስማቸውንና የሚሄዱበትን አገር ጻፉበት። ቁም ሣጥኑ፣ አግዳሚውና ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ግን ለስደት አይመቹም። የቀሩት ሰዎችም ቢሆኑ የፋብሪካ ዕቃ በባቡር ሲደርስላቸው አሮጌውን ወደ ጎተራ አስገቡት።

አርቱር ሃዜሊዩስ የተባለው ምሁር ይህን ያስተዋለው በ1872 በዳላርና ሲጓዝ ነው። የገበሬውን ልብስና የቤት ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ፤ በ1873 በስቶክሆልም ለሕዝብ አሳየ፤ ከዚህም ጅምር ኖርዲክ ሙዚየም ተወለደ። በ1885 ከሙራ አንድ የገበሬ ቤት ገዛ፤ ቤቱም በ1891 በተከፈተው የስካንሰን የአየር ላይ ሙዚየም ቆመ። ሃዜሊዩስ ዕቃን ለብቻው ደርድሮ ማሳየት አልፈለገም። በ1878 በተካሄደው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ካቀረባቸው ትዕይንቶች አንዱ በሞተች ሕፃን አልጋ ዙሪያ የተሰበሰበ የገበሬ ቤተሰብ ነበር። ይህን ትዕይንት እንድታስታውሱት እለምናለሁ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ዕቃው ገና ከሐዘን አልተለየም።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው በሠዓሊው በካርል ላርሶንና በባለቤቱ በካሪን እጅ ነው። በ1888 የካሪን አባት በዳላርና በምትገኘው በሱንድቦርን መንደር ያለ አንድ ትንሽ የእንጨት ቤት ሰጣቸው። ባልና ሚስቱ አሮጌ ወንበሮችን በደማቅ ቀለም ቀቡ፤ ካሪን መጋረጃውንና የጠረጴዛ ልብሱን በራሷ ንድፍ ሸመነች፤ የሳሎኑ ወንበሮች በነጭና በሰማያዊ መስመር ጨርቅ ተሸፈኑ፤ ብርሃን በመስኮቱ ያለ ከልካይ ገባ። ካርል የቤቱን ክፍሎች በውሃ ቀለም ሥሎ በ1899 «ቤት» በሚል ርእስ በመጽሐፍ አሳተማቸው። በዚያው ዓመት ጸሐፊዋ ኤለን ኬይ «ውበት ለሁሉም» የተሰኘውን ሥራዋን አወጣች፤ ውበት የባለጠጋ ብቻ ሳይሆን የሠራተኛም መብት ነው ስትል ተከራከረች።

የላርሶንን ቤት የከተሜ ቅዠት ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ካርል ያደገው በስቶክሆልም የድሆች መንደር፣ በጨለማና በተጨናነቀ ክፍል ነው። ብርሃን የሞላበት ቤት ለእርሱ የተራበውን የሕፃንነት ዘመን መመለሻ ነበር። ቢሆንም አንድ ነገር ተለወጠ። በሃዜሊዩስ ትዕይንት የነበረው ሞት ከላርሶን ክፍል ወጥቷል። የገበሬው ወንበር ቀረ፤ ገበሬው ግን በቤቱ የለም። ከዚያ በኋላ ዓለም «የስዊድን ቤት» ብሎ የሚያስበው ይህንኑ ሥዕል ሆነ። የካሪን ድርሻ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በባሏ ስም ተሸፍኖ ኖረ፤ ጨርቁን የሠራችው እርሷ ስትሆን ዝናው የሠዓሊው ሆነ። የስም መጥፋት በገበሬዋ ሣጥን ላይ ብቻ አልደረሰም ማለት ነው።

ሦስተኛው ለውጥ ቃል በቃል መላጥ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ባዶ እንጨት የሚታይበት የጥድ ዕቃ በስዊድንም በብሪታንያም ፋሽን ሆነ። ነጋዴዎች አሮጌ ቀለም የተቀባውን ቁም ሣጥንና ሣጥን በኮስቲክ ሶዳ ገንዳ ውስጥ እየነከሩ ቀለሙን አወለቁ። ሶዳው ሙጫውን ያሟሟል፣ መጋጠሚያውን ያላላል፣ የእንጨቱን ገጽ ያሻክራል። ከቀለሙ ጋርም ፊደላቱና ዓመተ ምሕረቱ አብረው ወደ ፍሳሽ ወረዱ። ገዢው «ተፈጥሯዊ» ብሎ የወደደው እንጨት የሠሪው ዘመን ሰው እርቃኑን የቀረ ብሎ የሚያፍርበት ነበር። ጥንታዊነትን ፍለጋ የተደረገው ሥራ የጥንቱን ማስረጃ አጠፋ።

ከዚህ ተነሥተን ቤታቸውን በአሮጌ ዕቃ የሚያስጌጡ ሰዎችን ልንወቅስ ይገባልን? አይመስለኝም። ሰብሳቢውና ገዢው ባይኖሩ ኖሮ አብዛኛው ዕቃ ለማገዶ ይውል ነበር። ሙዚየም ሁሉን ሊያስቀምጥ አይችልም፤ ሳሎንም የራሱ የጥበቃ ስፍራ ነው። ልዩነቱ ያለው አጠባበቁ ላይ ነው። የተላጠውን ሣጥን ያየ ሰው ሰላማዊና ቀላል ኑሮ የነበረ ይመስለዋል። ቀለሙ የተረፈለትን ሣጥን ያየ ግን ይጠይቃል፦ ይህች የስሟ ፊደላት የተጻፉላት ሴት ማን ነበረች? አገባች? ተሰደደች? ሣጥኗስ ያለ እርሷ ለምን ቀረ?

ለእናንተ ለተማሪዎች የማስተላልፈው ይህን ነው። የቤት ዕቃን እንደ ሰነድ ስታነቡ የተጻፈበትን ብቻ ሳይሆን የተፋቀበትንም አንብቡ። ዕቃው ለማን ተሠራ፣ ማን ሸጠው፣ ማን ገዛው፣ በየእጁ ሲያልፍ ምን ተጨመረበት፣ ምንስ ተወሰደበት ብላችሁ ጠይቁ። የቅርጽ ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ናቸው። የእግሩን ቅርጽ አይቶ ዘመኑን መናገር ጠቃሚ ሙያ ነው፤ ነገር ግን በሣጥኑ ፊት ስሟን ያስጻፈችው ሴት ይህን ያደረገችው ዘመኑ እንዲታወቅላት ሳይሆን ንብረቱ የእርሷ መሆኑ እንዲታወቅላት ነው። ያንን አቤቱታ መስማት የእኛ ሥራ ነው።