«ባህላችን ነው» ለሚባለው የባልና የሚስት ዕድሜ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ሰሞኑን ቡታጅራ ያስተማርኩት አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ለ17 ዓመት እህቱ አንድ ሠላሳን የተሻገረ የመርካቶ ነጋዴ ለመስቀል ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባትየው ደግሞ «ባህላችን ነው፣ እኔስ እናትህን በ14 ዓመት እበልጣት የለ?» ብለውታል። «ቲቸር፣ እውነት ባህል ነው?» ይለኛል። መልሱ ስለረዘመብኝ ለሁላችሁም ይሁን።

ባህል ሲባል ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። ይሄኛው ግን አብዛኛው የብር ታሪክ ነው። በ1881 ዓ.ም. አካባቢ ሐሰን እንጃሞ ጀብዱ ሜዳ ላይ ተሸንፈው ጉራጌ በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲጠቃለል፣ በብር የሚከፈል ግብር መጣ። እንሰት ቤተሰብ ይመግባል፤ የግብር ብር ግን ከሌላ ቦታ መምጣት ነበረበት። ወጣቱ አዲስ አበባ ወረደ። መጀመሪያ የጉልበት ሥራ፣ ኋላ ሊስትሮ፣ ሱቅ በደረቴ፣ ከዚያ እቁብ ተጥሎ ሱቅ። ስንቱ አባቶቻችሁ በዚህ መንገድ እንዳለፉ ታውቁታላችሁ።

እንግዲህ ሒሳቡን እዩት። ወንዱ ለመስቀል ወይም ለአረፋ እጁ ሞልቶ አገር ቤት ሳይገባ ልጅ ስጡኝ ማለት ይከብደዋል። እጅ እስኪሞላ አሥር ዓመትም፣ ከዚያ በላይም ይፈጃል። ሴቷን ግን ካፒታል የጠየቃት የለም። እንሰቱን ወንዱ ይተክላል፣ ያዛውራል፤ መፋቁና ቆጮ ማድረሱ የሴት ሥራ ነው። ከተማ የሚውል ባል አገር ቤት ጓሮውን የምትይዝለት ሴት ያስፈልገዋል፤ ከእናቷ ሥር ሙያውን የተማረች ልጅ ደግሞ ገና በ15 እና በ16 «ደርሳለች» ትባላለች። የእሱ ዕድሜ በሱቁ ተቆጠረ፣ የእሷ በጉልበቷ። ልዩነቱን የፈጠረው ይሄ ነው ባይ ነኝ።

የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጣሊያን አገር ፍሎረንስ ውስጥ በ1427 (እ.ኤ.አ.) ለግብር ተብሎ ሕዝቡ ተመዝግቦ ነበር። የከተማው ወንድ 30 ገደማ ሲሞላው፣ ሴቷ በ18 ገደማ ነበር የሚያገቡት። እዚያም ነጋዴ ነው፣ እዚያም ንግዱ እስኪቆም ይጠበቃል። የፍሎረንስ ሰው ቆጮ በልቶ አያውቅም መቼም!

ሕጉም ልዩነቱን ጽፎት ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 581 ለወንድ 18፣ ለሴት 15 አለ። 18 ለሁለቱም የሆነው በ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነው።

ደግሞስ ባህል ነው ሲባል ማን ተስማማበት? በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃቄ ውርድወት ጆካ ሸንጎ ፊት ቆማ የወንዶችን ከአንድ በላይ ማግባትና የአንቂትን ሥርዓት ሞግታለች። አንቂት ማለት ባል ካልፈታት በቀር ሴት ሌላ እንዳታገባ የሚያስር እርግማን ነው። እሱ በፈለገው ዕድሜ ደግሞ ያገባል፣ እሷ ታስራ ትቀራለች። ይህን ታሪክ የቴአትር መድረክም አሳይቶናል። አባቶች ግን ባህል ሲቆጥሩ ውርድወትን ይዘሏታል።

አሁን ወደ አገር አቀፍ ቁጥሩ ልምጣ። በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሴቶች መጀመሪያ ያገቡበት መካከለኛ ዕድሜ 16 ገደማ ነበር፣ በ2008ቱ 17 ገደማ ሆነ። ወንዱ በሁለቱም ጊዜ 24 አካባቢ ነው፣ ንቅንቅ አላለም። አዲስ አበባ ላይ የሴቷም ወደ 24 ተጠግቷል። ልዩነቱ የሚጠበው የሴቷ ዕድሜ ከፍ ሲል ነው ማለት ነው፤ እሷን ከፍ የሚያደርጋት ደግሞ በዋናነት ትምህርት ቤት ነው። የተማሪዬ እህት 11ኛ ክፍል ናት። ትዳሩ ሲመጣ የሚቋረጠው ይሄው ነው።

ለልጁ የመለስኩለት እንዲህ ነው፦ ለአባትህ ታሪኩን ንገራቸው፣ በአክብሮት። ካልሰሙህ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 648 አሳያቸው፤ ከ13 ዓመት በላይ የሆነችን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ማግባት እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። ለሽማግሌዎቹም ቀድመህ ድረስባቸው፣ ሳይላኩ።

እናንተስ? እናትና አባታችሁ ሲጋቡ ስንት ስንት ዓመታቸው ነበር? አባትየው ያኔ የት ይሠሩ እንደነበርም ጨምራችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ የወልቂጤዎቹን በተለይ እጠብቃለሁ።