ልጓም አልባ ግለት

አዳማ ላይ «መኪናው ጋለ» ከተባለ መላው የታወቀ ነው፦ ጥግ ይዞ ማቆም፣ ሞተር ማጥፋት፣ ኮፈኑን ከፍቶ እስኪበርድ መጠበቅ። ነዳጅ የሚያቃጥሉ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ከአዲስ አበባ አዳማ በሚያደርሰው ፈጣን መንገድ ላይ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን፣ ብርቅ ቢሆንም፣ ቢያጠፉትም የማይበርድ ግለት አላቸው። ባለሙያዎች «ተርማል ረናዌይ» ይሉታል። ቃል በቃል «የሙቀት ሽሽት» ብንለው ያሳስታል፤ ሙቀቱ የትም አይሸሽም፣ እዚያው ባትሪው ውስጥ ሌላ ሙቀት ይወልዳል እንጂ። ስለዚህ ግለትን ከሾፌሮቹ፣ ልጓምን ከአዳማ ጋሪዎች ወስጄ «ልጓም አልባ ግለት» ብየዋለሁ።

የሊቲየም-አዮን ሴል ውስጥ ሁለቱን ዋልታዎች፣ አኖድንና ካቶድን፣ የሚለያቸው ስስ ፕላስቲክ ነው፤ እሱም በሚቀጣጠል ፈሳሽ የራሰ። ሴሉ በግጭት ከተጨፈለቀ፣ ከመጠን በላይ ቻርጅ ከተደረገ ወይም ሲሠራ እንከን ከነበረበት ውስጡ ኮንታክት ይፈጠራል፣ ሴሉም ይግላል። 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ካቶዱ ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ከሆነ ደግሞ 200 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ኦክስጅን ይለቃል፤ እሳቱ ማገዶውንም አየሩንም ከራሱ ያገኛል ማለት ነው። ከዚያ ጎረቤቱን ሴል ያግላል። በዱቄት ማጥፊያ ነበልባሉ ቢከስም መልሶ የሚነሳው ለዚህ ነው። የሚያበርደው ብዙ ውኃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 የጆን ጉዲናፍ ቡድን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ካቶድን ይፋ አደረገ። ፎስፌቱ ኦክስጅኑን አጥብቆ ስለያዘ በቀላሉ አይለቅም፤ ኮባልትም ኒኬልም የለበትም። መኪና አምራቹ ቢዋይዲ በ2020 ያወጣው «ብሌድ» ባትሪ ከዚሁ ወገን ነው። ፈጽሞ አይነድም የሚል ሻጭ ግን ይዋሻል፤ የሚቀጣጠለው ፈሳሽ እዚያው አለ። በእኩል ክብደት የሚይዘው ኃይልም ያንሳል።

የመቂና የባቱ ፀሐይ ብቻውን ይህን ግለት አያስነሳም፤ ከ130 ዲግሪ በጣም ይርቃል። ባትሪውን ግን ያስረጃል። ሙቀት በአኖዱ ላይ ያለውን ስስ ሽፋን ያወፍራል፣ ሽፋኑም ሲወፍር ሊቲየሙን እየበላ ነው። ባትሪው ሞልቶ ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ቶሎ ይደክማል።

ገዢ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ካቶዱን እጠይቃለሁ። ከአዳማ አዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለዚህ መንገድ የፎስፌቱ ጉድለት ብዙም አይጎዳም። ሲወጡ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዳገት አለና የመሄጃው ፍጆታ ከመመለሻው እንደሚበልጥ አስበው ይነሱ።